ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፦ የማኅበር ጉዞ በጀልባ ሲመዘን

ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ተሻግሮ፣ በዚያ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ተሳልሞ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ይህን ጉዞ የሚጠይቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሐይቁንና ሥዕሉን ለማየት የመጣ እንግዳ ነው። ሌላው የጽዋ ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የአንድ አጥቢያ ምእመናን ተሰብስበው የሚያደርጉት መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ጀልባው ያው ነው፣ ካፒቴኑም አስጎብኚውም ያው። ለእንግዳው የሚበቃው አገልግሎት ግን ማኅበሩን ብዙ ጊዜ አያጠግብም። ይህ ግምገማ ለማኅበር የተጻፈ ነው። ባጭሩ፦ የሐይቁ መንገድ በጠዋት ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ የሚጎድለው ገለጻው ነው፤ ነገር የሚበላሸው ደግሞ ምሳ ላይ ነው።

ከጀልባው እንጀምር። ጀልባው የሚከራየው በሙሉው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ስለዚህ ሰው በበዛ ቁጥር መዋጮው ይቀንሳል፣ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሃያ ሰው በሚይዝ ጀልባ ላይ ሃያ አምስት ሰው እንዲወጣ የሚፈልገው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም «ልጆቹ በእቅፍ ይሆናሉ» ብሎ ይለምናል። መዳኛው ቁጥሩን ከመዋጮው በፊት መቁረጥ ነው። የጀልባው የመጫን አቅም ይጠየቃል፣ ለአስጎብኚው አንድ ቦታ ይቀነሳል፣ ስም የሚጻፈው በቀረው ልክ ነው። በእቅፍ ያለ ሕፃንም አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ እርሱም ላይፍ ጃኬት ያስፈልገዋልና። መዋጮው ከበዛ ደግሞ የሚከፈለው እኩል መሆን የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥13-15 የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ የሚያስተምረው የገንዘብ መዋጮ እየሰበሰበ ነው። የሚሻለው መንገድ የሚችለው በፖስታ ጨምሮ እንዲሰጥ፣ የማይችለው ስሙ ሳይጠራ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የከፋዮችን ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን ላይ የሚለጥፍ ሰብሳቢ ጥቂት ብር ቢያድንም ሰው ያጣል።

ከመክፈል በፊት ከጀልባው ተወካይ ጋር ቁርጥ መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ጀልባው ስንት ቦታ እንደሚያርፍ፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ከኪራዩ ውጭ መሆኑ። መግቢያ የሚከፈለው በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ ደረሰኝ መቀበል ነው። «ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን» ለሚል ደላላ ገንዘብ መስጠት ዘጌ ወደብ ላይ ለክርክር ይዳርጋል፤ ከክርክር በኋላ ደግሞ ለጸሎት የሚሆን ልብ አይተርፍም።

ላይፍ ጃኬቱን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይፈትሽ። መቆለፊያው ይዘጋል ወይ? ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል ወይ? በአዋቂ ጃኬት የታሰረ ልጅ ውኃ ውስጥ ቢገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ የልጅ ጃኬት ከሌለ ልጁ አይሄድም። ለእናቶችና ለእኅቶች አንድ ነገር፦ ነጠላው ከጃኬቱ ሥር ታደግድጎ መታሰር አለበት እንጂ ከላይ አይጣልም። ከላይ የተጣለ ነጠላ ነፋስ ይወስደዋል፣ ጫፉ ይረጥባል፣ ወደ ኋላ የተቀመጠችውን ደግሞ ከሞተሩ ጋር ያገናኛታል። መዝሙሩ ይዘመር፤ የጉዞው ውበት አንዱ እርሱ ነው። ከበሮው ግን በመካከለኛው ወንበር ላይ በጉልበት ይያዝ፣ ማንም አይቁም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ «ጉማሬ!» ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይጎርፋል፤ ጀልባው የሚያዘነብለውም ያን ጊዜ ነው። ሰብሳቢው ይህን ከመነሣት በፊት መናገር አለበት።

ሰዓቱ ከሁሉ ይበልጣል። በተራ ሞተር ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ወደ ጀልባው ይረጫል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ 6 ሰዓት ሳይሆን ዘጌን መልቀቅ ጥሩው መርሐ ግብር ነው። የሚያዘገየው ግን ማኅበሩ ራሱ ነው። ካፒቴኑ «እንነሣ» ይላል፤ አንዱ ቡና አልጠጣሁም ይላል፣ ሌላው ፎቶ ቀረኝ ይላል፣ በመጨረሻ «አብዛኛው ሰው እንቆይ ብሏል» ይባላል። የሐዋርያት ሥራ 27 ላይ መርከቡ ከመሰበሩ በፊት የሆነው ይኸው ነው፤ ጳውሎስ አስጠንቅቆ ሳለ የሚበዙት እንሂድ ብለው መከሩ (27፥12)። ብዙ ሰው ተስማማ ማለት እውነቱ እነርሱ ጋ ነው ማለት አይደለም። በሐይቁ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ እንዲሆን ከመነሣት በፊት ሁሉም ይስማማ።

ቅዳሴ ለማስቀደስ የሚያስብ ማኅበር ደግሞ ሌላ ስሌት አለበት። የእሑድ ቅዳሴ የሚጀመረው ሌሊት ወይም ማለዳ ነው፤ ከባሕር ዳር 12 ሰዓት ቢነሣ እንኳ ዘጌ የሚደርሰው ከተጀመረ በኋላ ነው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ከመጀመሪያው መገኘት ስላለበት ይህ አይሆንም። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን አስቀድሶ የሚመለሰው በትክክል በነፋሱ ሰዓት ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ አንድም ቀደም ብሎ አስፈቅዶ ዘጌ ማደር፣ አለዚያ በወደቡ አቅራቢያ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀድሶ 3 ሰዓት ላይ ጀልባ መያዝ። ሁለተኛው ለአብዛኛው ማኅበር ይሻላል፤ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ጀልባ ላይ የሚያወራው ወሬ እንኳ ይለያል። ይህን የሚመርጥ የዘጌ ቆይታውን አሳጥሮ፣ ምሳውን ከመመለስ በኋላ ማድረግ አለበት። የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ለንግሡ መሄድ መልካም ነው፤ ሥዕሉን አይቶ ለመማር ግን አይሆንም፣ ሕዝቡ ብዙ ነው።

የጀልባ ተወካዮች በመንገድ ላይ ክብራን ገብርኤልን ጨምሩ ይላሉ። ለወንዶች ብቻ ለሚጓዝ ማኅበር ጥሩ ነው። ክብራን ግን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው፤ ወንዶቹ ወጥተው እስኪመለሱ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ፀሐይ ይመታቸዋል። የገዳሙ ሥርዓት ይከበር፤ ማኅበሩ ግን ያለ ዝግጅት ለሁለት አይከፈል። ክብራን የግድ ከሆነ ሴቶቹ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ እንዲሄዱ አስቀድሞ ከካፒቴኑ ጋር መነጋገር ነው። ካልሆነ ክብራን ለሌላ ቀን ይቆይ። በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉንም ይቀበላሉ።

ከዘጌ ወደብ እስከ ዑራ ያለው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሃያ ደቂቃ። ድንጋያማ ስለሆነ ለአዛውንት ምርኩዝ ያስፈልጋል። ዘጌ በሬ ጠምዶ አለማረስ የቆየ ሥርዓት ነው፤ የአገሬው ትውፊት ይህን ሥርዓትና ቡናውን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ደኑ የቆየው ሰው ሁሉ ለአንድ ሥርዓት ስለተገዛ ነው፤ ለማኅበር ከዚህ የተሻለ የመንገድ ትምህርት አይገኝም። በመንገዱ ዳር ቡናና በደንገል የተሠራ ትንሽ ታንኳ የሚሸጡ አሉ፤ ግዢው በመመለሻ ይሁን፣ ሲሄዱ ከሆነ ማኅበሩ ተበታትኖ ይደርሳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ይዞ የሄደ ይዞት ይመለስ፤ ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፣ ከዚያም በፊት የገዳማቱ ደጅ ነው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ዑራ ክብ ሆኖ የተሠራ ነው፦ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከል ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው፣ ከላይ እስከ ታች፣ በአራቱም አቅጣጫ። ጫማ ወልቆ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መቆም ያስፈልጋል። መጋረጃው ሲገለጥ በበሩ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቀበሉዎታል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ መሆኑን ያስተውላል። ጫፉ በተላቀቀበት ቦታ የሽመናው ድርና ማግ ይታያል። በጣት መንካት፣ በቦርሳ መታከክ፣ በፍላሽ ፎቶ ማንሣት የማይፈቀደው ለዚህ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቅድስት ውስጥ ከገባ የኋላው ሰው የፊቱን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። አሥር አሥር ሆኖ መግባት፣ የቀሩት ቅኔ ማኅሌት ተቀምጠው መዝሙር 121ን (በሌላው አቆጣጠር 122) «ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ» የሚለውን ማንበብ ይችላሉ።

የሥዕሉን ቋንቋ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ይሣላሉ፤ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን። ስለዚህ ማንበብ የማይችል አያት እንኳ ይሁዳን ከሐዋርያት መካከል ለይቶ ለልጅ ልጁ ያሳያል። ሠዓሊዎቹ ወንጌሉን በአገራቸው ልብስና መሣሪያ መሣላቸውም አያስደንግጥ፤ ስለ መከራው የሰሙትን በዘመናቸው ዓይን ያዩት ነው። ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ማኅበር ጥሩው ዘዴ አራት ሥዕል ብቻ መምረጥ ነው፦ ልደቱ፣ ወደ ግብፅ ስደቱ (ማቴዎስ 2፥13-15)፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው። ልጁ ራሱ ፈልጎ ያግኝ፣ ክፍሉ ከመጽሐፍ ይነበብለት። ሁሉን ለማየት የሞከረ አንዱንም አይይዝም።

ገለጻው ደካማው ክፍል ነው ያልነው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው አስጎብኚ ፈጣንና ትሑት ነው፣ ታሪኩንም ያውቃል፤ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የሆነውን፣ ከተአምርና ከገድል የሆነውን፣ በቃል የመጣውን የአገር ትውፊት በአንድ ድምፅ ያወርደዋል። ለእንግዳው ልዩነቱ ላያስጨንቀው ይችላል። ለሰንበት ተማሪ ግን ያስጨንቀዋል፤ ነገ ሌላ ሰው «ይህ የት ተጻፈ?» ሲለው እምነቱ ሁሉ አንድ ላይ የሚናድ ይመስለዋል። የገዳሙ ምሥረታ በትውፊት ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወሰዳል፤ ዛሬ የሚታዩት ሥዕሎች ግን አብዛኞቹ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ናቸው። «ሁሉም የ14ኛው ነው» ተብሎ ሲነገር ክብር የተጨመረ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ይቀንሳል። ክብሩም ያለ ጭማሪ ይበቃዋል።

የበላዔ ሰብእን ሥዕል እንውሰድ። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ሕመምተኛ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛኑ አንድ ወገን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ውኃ፤ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ውኃው መዘነ። ይህ የተአምረ ማርያም ታሪክ ነው እንጂ ከሰማንያ አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። እንዲህ ብሎ መናገር ሥዕሉን አያሳንሰውም፤ ቦታውን ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ ማቴዎስ 10፥42 ይነበብ፣ በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋው አይጠፋም የሚለው። ወጣቶች ታሪኩን «ምንም ብትሠራ ትንሽ ውኃ ትበቃለች» ብለው ይሰሙታል፤ መምህሩ እዚያው ማረም አለበት። ሚዛኑ የሚናገረው ስለ ምሕረቱ ትልቅነት ነው፣ ስለ ነፍስ መግደል ቀላልነት አይደለም።

የሚሠራው መፍትሔ ይህ ነው፦ ማኅበሩ አንድ መምህር ወይም ቄስ ከባሕር ዳር ይዞ ይሂድ፤ ከአስጎብኚው ጋር ከመግባት በፊት ይነጋገሩ። አስጎብኚው ስለ ቤቱና ስለ አገሩ ይናገር፣ መምህሩ ስለ ቃሉ። በየሥዕሉ ፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ «ይህ ከየት ነው?» ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ የነገራቸውን እንኳ በመጻሕፍት ስለመረመሩ ነው (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)። በቤተሰቡ ውስጥ የወንጌላውያን አማኝ የሆነ ዘመድ አብሮ የመጣ ከሆነም ይህ አካሄድ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በልደቱና በስቅለቱ ፊት ሁለቱም አንድ ወንጌል ይዘው ይቆማሉ፤ በሚለያዩበት ሥዕል ፊት ደግሞ ምንጩ በግልጽ ተነግሯልና ማንም የተታለለ አይመስለውም። ኤፌሶን 4 ስለ አንድ ጌታና ስለ አንድ ጥምቀት ከተናገረ በኋላ በቁጥር 15 እውነትንና ፍቅርን አብሮ ነው የሚያነሣው።

ምሳው። እዚህ ላይ አብዛኛው ጉዞ ይሰነጠቃል። ሁሉም የየራሱን ቋጥሮ ይመጣል፤ አንዱ ቤተሰብ ዶሮና ለስላሳ ይዘረጋል፣ ሌላው ቆሎ ይዞ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥20-22 ላይ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በትክክል ለዚህ ነው፤ አንዱ ይራባል አንዱ ይሰክራል። ስለዚህ ቋጠሮ ይቅር፣ ምግቡ በማኅበሩ ስም አንድ ቤት ይሠራ። ለሃያ ሰው ሠላሳ እንጀራ፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይበቃል። የፍስክ ቀን ቢሆንም ጾም ምግብ ይመረጥ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ይህ የሚጾመውንም የማይጾመውንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል፣ በሙቀትም ቶሎ አይበላሽም። ምስሩ ወፈር ብሎ ይሠራ፣ ቀጭን ከሆነ ጀልባው ላይ ይፈስሳል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሰው እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾም ምግቡ ዘጌ ባይወሰድም ይሻላል።

የአንድነት ገዳም ሥርዓት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በአንድነት በሚተዳደር ገዳም መነኮሳቱ የግል ገንዘብ የላቸውም፤ መቁነን የሚባለውን የዕለት ምግብ ድርሻ ከመጋቢው እጅ ይቀበላሉ፣ የገዳሙ አለቃ አበ ምኔቱም ትናንት የገባው ጀማሪ ረድእም ከዚያው ቤት። የታመመው የሚገባውን ያገኛል። የሐዋርያት ሥራ 4፥32-35 ያለውን በዕለት እንጀራ መጠን የሚያሳይ ሥርዓት ነው። ማኅበሩ ለአንድ ቀን ያንን ይሞክር፦ አንድ ሰው ይመደብ፣ ካህኑ ይባርክ፣ መጀመሪያ ለአዛውንትና ለልጆች ይታደል፣ ካፒቴኑና አስጎብኚውም በዚያው ማዕድ ይቀመጡ። አሥር ደቂቃ ብቻ ይጨምራል፣ ቀኑን ግን ይለውጠዋል።

ለቤተ ክርስቲያኑ የሚወሰደው ስጦታ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ቢሆን ይጠቅማል። ጧፉ እውነተኛ የሰም ጧፍ ይሁን። በእጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲሸቱት ማር ማር ይላል፤ ፓራፊን የበዛበት ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሲነድም ጥቁር ጭስ ይበዛዋል። ያ ጭስ ሄዶ የሚያርፈው ከላይ ባየናቸው ሥዕሎች ላይ ነው። ዘቢቡ ለመሥዋዕቱ ስለሚሆን ያልሻገተ፣ ስኳር ያልተጨመረበት ይመረጥ። ስጦታው ለሚያገኙት ሰው ሁሉ በየእጁ ሳይሆን ለቤቱ አስተዳደር በማኅበሩ ስም ይሰጥ።

መራመድ የሚከብዳቸው አዛውንት የሚበዙበት ማኅበር ዘጌን ለሌላ ጊዜ ይተውና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ደጅ ወዳለችው ደብረ ማርያም ይሂድ። ጀልባው ብዙ አይፈጅም፣ ሴቶችም ይገባሉ፣ ከሰዓት የሚነሣው ነፋስም ከወደቡ ርቀው አያገኛቸውም።